ከውድቅዳቂ ብረትነት የዳነችው ዶልጎኽ

በብሪታንያ ደሴት ምዕራባዊ ክፍል፣ ዌልስ በተባለው ተራራማ አገር፣ ተዊን የምትባል አነስተኛ የባሕር ዳር ከተማ ትገኛለች። ከዚች ከተማ ተነሥቶ ወደ ተራሮቹ የሚዘልቅ፣ ርዝመቱ 12 ኪሎ ሜትር የማይሞላ ቀጭን የባቡር ሐዲድ አለ። ሐዲዱ የሚያልፈው በበጎች መሰማሪያና በሣር ማሳዎች መካከል ሲሆን፣ በሁለቱ ብረቶች መካከል ያለው ርቀት 69 ሳንቲ ሜትር ያህል ብቻ ነው። በ1917 አዲስ አበባ የደረሰው የድሮው የጅቡቲ ሐዲድ ስፋቱ አንድ ሜትር እንደነበረ ለሚያስታውስ ሰው፣ የተዊኑ ሐዲድ የልጆች መጫወቻ ሊመስለው ይችላል። (በዚህ ጽሑፍ የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

በዚህ ሐዲድ ላይ ዶልጎኽ የምትባል፣ በ1866 የተሠራች የእንፋሎት ሎኮሞቲቭ አለች። ሎኮሞቲቭ የሚባለው ፉርጎዎቹን የሚጎትተው የባቡሩ ክፍል ነው። ዶልጎኽ ስሟ የሚነሣው በፍጥነቷ ወይም በጉልበቷ አይደለም። ባለቤቱ የሞተበት የባቡር መሥመር በ1951 በአንድ ማኅበር እጅ ሲገባ፣ የዚያን ዓመት ሥራ ብቻዋን ተሸክማ ስለ ተወጣችው ነው። ያም ማኅበር፣ አባላቱ ያለ ደመወዝ እየሠሩ የመንገደኛ ባቡር በማንቀሳቀስ በዓለም የመጀመሪያው እንደሆነ ይታወቃል።

«የባዕድ አገር አሮጌ ባቡር ለገበሬ ማኅበር መሪ ምን ይፈይድለታል?» የሚል አንባቢ አይጠፋም። ይሁን እንጂ በገጠራችን «ባቡር» ሲባል ለብዙ ሰው ቀድሞ የሚታየው ወፍጮው ነው። ወፍጮም ሆነ የውሃ መሳቢያ ፓምፕ ወይም ትራክተር፣ የጋራ ንብረት በሆነ ጊዜ ማን ይጠግነዋል፣ በምን ገንዘብ ይጠገናል፣ ሥራው ቆሞ ነው ወይስ እየሠራ የሚሉት ጥያቄዎች ይነሣሉ። ዶልጎኽን የተረከቡት ሰዎች የተፋጠጡት ከነዚሁ ጥያቄዎች ጋር ነበር።

ነገሩ የጀመረው በድንጋይ ነው። ብሪን ኤግልዊስ በተባለው ተራራ ላይ፣ በስሱ እየተሰነጠቀ እንደ ቆርቆሮ ለቤት ክዳን የሚያገለግል ግራጫ ድንጋይ ይገኛል። በ1840ዎቹ ዓመታት ቁፋሮው በተጀመረ ጊዜ ድንጋዩ በጋማ ከብት ጀርባ ተጭኖ እስከ ወንዝ ዳር ይወርድና፣ ከዚያ በጀልባ ወደ ባሕር ወደብ ይጓዝ ነበር። እህሉን በአህያ ጭኖ ሩቅ ገበያ ያደረሰ ገበሬ እንደሚያውቀው፣ በእንዲህ ያለ አጓጓዝ ትርፉን የሚበላው መንገዱ ነው።

በ1861 አሜሪካ ውስጥ የርስ በርስ ጦርነት ሲነሣ፣ ለእንግሊዝ የፈትል ፋብሪካዎች ይላክ የነበረው ጥጥ ተስተጓጎለ። ጥጥ ያጡት ባለ ፋብሪካዎችም ገንዘባቸውን በሌላ ሥራ ላይ ማዋል ፈለጉ። ከነሱ አንዱ የነበረው ዊሊያም ማኮኔል በ1864 የድንጋይ ማውጫውን በኮንትራት ያዘ፤ ኩባንያ ተቋቋመ፤ ሐዲድም ተዘረጋ። እንግዲህ በአሜሪካ እርሻ ላይ የቀረ ጥጥ ለዌልስ በግ አርቢዎች ባቡር አመጣ ማለት ነው።

ሁለት ሎኮሞቲቮች ዋይትሄቨን በምትባል የእንግሊዝ ከተማ ከሚገኘው የፍሌቸር ጄኒንግስ ፋብሪካ ታዘዙ። የመጀመሪያዋ በ1864 ተሠርታ እንደ መሥመሩ ሁሉ ታሊሊን ተባለች። ሁለተኛዋ ዶልጎኽ ስትሆን ስሟን ያገኘችው ሐዲዱ በድልድይ ከሚሻገረው ባለ ፏፏቴ ሸለቆ ነው። ዶልጎኽ አራት ጎማ ብቻ ያላት ስትሆን የኋላ ጎማዎቿ ዘንግ ከእሳት ማንደጃው በስተ ኋላ እንዲውል ተደርጓል። በዚህም ምክንያት በፊትና በኋላ ጎማዎቿ መካከል ያለው ርቀት ለቁመቷ ሰፊ ነው። በቦር ጦርነት ዘመን ፕሪቶሪያ የሚል ስም ተለጥፎባት ለተወሰኑ ዓመታት ስትጠራበት ቆይታ፣ በኋላ ወደ ጥንት ስሟ ተመልሳለች። ሰው ብቻ ሳይሆን ብረትም በጊዜው ወሬ ስሙ ይቀየርለታል።

መሥመሩ ለመንገደኞች ከመከፈቱ በፊት፣ በ1866 ካፒቴን ሄንሪ ታይለር የተባሉ የመንግሥት መርማሪ መጥተው ተመለከቱት። ከሐዲዱ በላይ የሚያልፉት ድልድዮች ጠባቦች ሆነው ተገኙ። በር ከፍቶ የወጣ ወይም ጭንቅላቱን ያሾለከ መንገደኛ ከግንቡ ጋር ሊላተም ይችል ነበር። ድልድዮቹን አፍርሶ መሥራት ብዙ ገንዘብ ይጠይቃል። ስለዚህ በአንድ ወገን ያሉት የፉርጎ በሮች ለዘለቄታው እንዲዘጉ፣ ሐዲዱም በድልድዮቹ ሥር ወደ አንድ ጎን ፈቀቅ እንዲል ተደረገ። ካፒቴኑ ሎኮሞቲቮቹንም ሳይተቹ አላለፉም፤ ስትሄድ ትናወጥ የነበረችው ታሊሊን በኋላዋ ተጨማሪ ጥንድ ጎማ ተገጠመላት።

የድንጋዩ ንግድ የታሰበውን ያህል ትርፍ አላስገኘም። በ1911 የድንጋይ ማውጫውንና ባቡሩን የገዙት ሄንሪ ሃይድን ጆንስ የተባሉ የአካባቢው ነዋሪና የፓርላማ አባል ነበሩ። ሰውዬው ሀብታም ሊያደርጋቸው ያልቻለውን ባቡር በሕይወት እስካሉ ድረስ እንደማያቆሙት ቃል ገቡ፤ ቃላቸውንም ጠበቁ። ነገር ግን ማስኬድና መጠገን አንድ አይደሉም። ሐዲዱ በአብዛኛው በ1860ዎቹ የተዘረጋው ብረት ነበር። ከሥሩ የተጋደሙት እንጨቶች እየበሰበሱ ሄዱ። በ1945 ታሊሊን ከእንግዲህ መሥራት የማትችል ሆና ቆመች። ዶልጎኽ ብቻዋን ቀረች። በ1946 መጨረሻ ላይ የድንጋይ ማውጫው ስለ ተደረመሰ ሥራው ተዘጋ፤ ባቡሩም የተሠራለትን ጭነት አጣ። በ1947 የወጣው ሕግ የብሪታንያን የባቡር መሥመሮች ከ1948 መባቻ ጀምሮ ወደ መንግሥት ሲያዞር፣ ይህ ትንሽ መሥመር ከዝርዝሩ ውጭ ቀረ። መንግሥት አልወሰደው፣ ጭነት የለው፣ ባለቤቱ ሽማግሌ፣ ያለችውም ሎኮሞቲቭ አንዲት አሮጊት!

ሄንሪ ሃይድን ጆንስ በሐምሌ 1950 በ86 ዓመታቸው ዐረፉ። በተለመደው አካሄድ ቢሆን ኖሮ ቀጣዩ ነገር ሐዲዱን ነቅሎ፣ ዶልጎኽን ቆራርጦ በኪሎ መሸጥ ነበር።

ይሁን እንጂ ቶም ሮልት የተባለ መሐንዲስና ደራሲ ከጓደኞቹ ጋር ሆኖ ነገሩን ቀደም ብሎ ሲያውጠነጥን ቆይቷል። በ1949 ስለዚሁ መሥመር ለአንድ የበርሚንግሃም ጋዜጣ ደብዳቤ ጽፎ ነበር። በጥቅምት 1950 በበርሚንግሃም ከተማ ሕዝባዊ ስብሰባ ተጠርቶ መሥመሩን የሚጠብቅ ማኅበር ለማቋቋም ተወሰነ። በስብሰባው ላይ መሥመሩን ለብዙ ዘመን በሥራ አስኪያጅነት የሚያውቁት ኤድዋርድ ቶማስም ተገኝተው ነበር። የዚህን ሰው መገኘት በቀላሉ ማለፍ አይገባም። ከተሜዎቹ ባቡር ወዳድ ይሁኑ እንጂ፣ የትኛው ድልድይ ውሃ እንደሚያስገባና የትኛው እንጨት እንደላላ የሚያውቀው የአገሩ ሰው ነበር።

ከሟቹ ባለቤት ጋር የተደረገው ስምምነት በጥንቃቄ የተሠራ ነው። ማኅበሩ ንብረቱን በጥሬ ገንዘብ አልገዛም፤ የሚገዛበትም ገንዘብ አልነበረውም። የድሮው የባቡር ኩባንያ አክሲዮኖች፣ የቤተ ሰቡም የማኅበሩም ወኪሎች ወደሚቀመጡበት ትርፍ ወደማይከፋፈልበት አዲስ ኩባንያ ተዛወሩ። ማኅበሩ ደግሞ ከአባላቱ መዋጮና ጉልበት ያሰባስባል። ባለቤትነቱ በአንድ ወገን፣ የአባላቱ ማኅበር በሌላ ወገን ተለይቶ መቀመጡ፣ ማን ለምን እንደሚጠየቅ በግልጽ ለማወቅ ረድቷል። ሮልትም የመጀመሪያው ሥራ አስኪያጅ ሆነ።

በግንቦት 14 ቀን 1951 ባቡሩ በማኅበሩ ስም ለመጀመሪያ ጊዜ ተንቀሳቀሰ። የሄደው ግን ሙሉውን መንገድ ሳይሆን እስከ ሪዳሮነን ጣቢያ ድረስ ብቻ ነበር። ዶልጎኽ በዚያን ጊዜ የ85 ዓመት ዕድሜ ነበራት። ስድስት ዓመት ያህል ያለ ምትክ የሠራች በመሆኗ፣ አንድ ቀን ብትሰበር የማኅበሩ ሥራም አብሮ ይሰበር ነበር።

ስለዚህ መጀመሪያ የተፈለገው ሁለተኛ ሎኮሞቲቭ ነበር። ይህም ፈጥኖ ተገኘ። በቅርብ የነበረው የኮሪስ መሥመር፣ የሐዲዱ ስፋት ከተዊኑ ጋር አንድ ዓይነት የሆነ፣ በ1948 ተዘግቶ ስለ ነበር ሁለት ሎኮሞቲቮቹ ሥራ ፈትተው ተቀምጠው ነበር። ማኅበሩ በ1951 እያንዳንዳቸውን በ25 ፓውንድ ገዛቸው። አንደኛዋ በ1878፣ ሌላዋ በ1921 የተሠሩ ናቸው። ርካሽ ግዥ ነው፤ አባላቱም ደስ ሳይላቸው አልቀረም።

ነገር ግን የ1878ቷ ሎኮሞቲቭ ሐዲዱ ላይ ወጥታ መሄድ ስትጀምር ከሐዲዱ እየወረደች አስቸገረች። በሁለቱ ብረቶች መካከል ትወድቃለች፤ ትነሣለች፤ ደግሞ ትወድቃለች። መጀመሪያ የሚጠረጠረው ሎኮሞቲቭዋ ናት። ሲመረመር ግን ችግሩ ከታች ነበር። እንጨቶቹ ስለ በሰበሱ ሁለቱ የሐዲድ ብረቶች እርስ በርሳቸው ተራርቀዋል። ዶልጎኽ ጎማዋ ሰፊ በመሆኑ የተራራቀውን ሐዲድ እየረገጠች ትሄዳለች። የኮሪሷ ጎማ ጠባብ ስለ ሆነ በመካከሉ ይሰምጣል። በአንዳንድ ስፍራ ሐዲዱ በሣር ተውጦ የማይታይ ሲሆን፣ ብረቱን ከመንሸራተት የያዘውም ያው ሥር የሰደደው ሣር ነበር። ሌላዋ የኮሪስ ሎኮሞቲቭ ደግሞ ቦይለሯ እስኪጠገን ድረስ ልትሠራ አልቻለችም። ሁለት ሎኮሞቲቭ ተገዝቶ፣ ያ ዓመት ያለፈው በዶልጎኽ ጫንቃ ላይ ነው።

የዚህ ጽሑፍ አቅራቢ በአንድ ወረዳ ተመሳሳይ ነገር ተመልክቷል። የአንድ ማኅበር ወፍጮ የሞተሩ ቀበቶ እየተበጠሰ በዓመት ውስጥ ሦስት ጊዜ አዲስ ተገዝቷል። ቀበቶው እንዲህ ቶሎ ቶሎ ያለቀው ግን ወፍጮው የቆመበት የሲሚንቶ መሠረት በአንድ ወገን ስለ ሰመጠ ነበር። መሠረቱን ለማቃናት የሦስት ቀን ሥራ በቂ ሲሆን፣ ይህን ለማየት የተቸገረው ሰው ሁሉ ዓይኑን ያሳረፈው በሚሽከረከረው ክፍል ላይ ነው። የታሊሊን ማኅበርተኞችም ገንዘባቸውን ያወጡት በሚታየው ላይ ነበር፤ የዳኑት ግን በማይታየው ላይ በሠሩት ሥራ ነው።

ይኸውም ከበርሚንግሃምና ከሌሎች ከተሞች፣ ከ150 ኪሎ ሜትር በላይ እየተጓዙ፣ ቅዳሜና እሑድን በዶማና በአካፋ አሳለፉ። ሣሩ ተመነጠረ፤ የበሰበሰው እንጨት እየወጣ አዲስ ተተካ፤ የውሃ መውረጃ ቦይ ተጠረገ፤ ጠጠር ተነሰነሰ። በእኛ አገር ወንፈል ወይም ደቦ የምንለው ዓይነት ነው። ልዩነቱ እዚያ ጠላና ንፍሮ የሚያዘጋጅ ባለ ማሳ አለመኖሩ ነው። እንደሚታወቀው ሎኮሞቲቭ መንዳት የሚመኝ ብዙ ነው፤ በዝናብ ቆሞ እንጨት የሚገለብጥ ጥቂት ነው። በዚህ ሥራ ሐዲዱ እየተስተካከለ ሲሄድ፣ ያቺ የምትወድቀው የኮሪስ ሎኮሞቲቭ ሳትወድቅ መሥራት ጀመረች። ለሟቹ ባለቤት መታሰቢያም ሰር ሃይድን ተባለች። ሁለተኛዋ ደግሞ በአሮጌው ሥራ አስኪያጅ ስም ኤድዋርድ ቶማስ ተብላ በ1952 ሥራ ገባች። በ1953 አንዲት ተጨማሪ ሎኮሞቲቭ በስጦታ ተገኘች።

የማኅበሩን ብስለት የሚያሳየው ከዚህ ቀጥሎ የተደረገው ነው። ሌሎቹ መሥራት እንደ ጀመሩ፣ ሁሉ የሚያውቃት ዶልጎኽ በ1954 ከሥራ እንድትወጣ ተደረገ። ወደ ሐዲዱ የተመለሰችው በ1963 ነው፤ ዘጠኝ ዓመት! ታሊሊንም ከብዙ ዘመን መቆም በኋላ ተጠግና በ1958 ተመልሳለች።

ዘጠኝ ዓመት ለምን እንደሚያስፈልግ ለመረዳት የእንፋሎት ሎኮሞቲቭን አሠራር ባጭሩ መመልከት ይበጃል። ከፊት ያለው ረጅሙ በርሜል ቦይለር ይባላል፤ ውስጡ ውሃ ነው። ከኋላ ባለው ማንደጃ የድንጋይ ከሰል ይነድዳል። ትኩሱ አየር በውሃው መካከል በተዘረጉ ቧንቧዎች ውስጥ እያለፈ ውሃውን ያፈላዋል። እንፋሎቱ ታፍኖ ኃይል ካገኘ በኋላ ፒስተኖችን ወዲያና ወዲህ ይገፋል፤ ፒስተኖቹም ጎማዎቹን ያዞራሉ። አደጋው ያለው በቦይለሩ ነው። ውሃው ከማንደጃው ጣሪያ በታች ከወረደ ብረቱ ግሎ ይለሰልሳል፤ የታፈነው እንፋሎትም ሊያፈነዳው ይችላል። ስለዚህ በማንደጃው ጣሪያ ላይ እርሳስ የተሞላበት ቡሽ ይደረጋል። ውሃው ሲጎድል እርሳሱ ቀልጦ እንፋሎቱ ወደ እሳቱ ይወርድና ሠራተኛውን ያስጠነቅቃል። ከዚህም ሌላ በሻይ ማንቆርቆሪያ ውስጥ እንደምናየው ያለ ነጭ ቅርፊት በቧንቧዎቹ ላይ ይጋገራል። በየጊዜው ካልታጠበ እሳቱ ብረቱን እንጂ ውሃውን አያሞቀውም። በብሪታንያ ያሉ እንዲህ ያሉ ቦይለሮች በየዓመቱ ይመረመራሉ፤ በየአሥር ዓመቱ ገደማም ቧንቧዎቹ ወጥተው ሁለንተናው ይፈተሻል። በዚህ ላይ «ዘንድሮ ይለፈን» ማለት አይሠራም።

ዶልጎኽ በ1963 የተመለሰችው በአዲስ ቦይለር ነው። በዚህ ምክንያት «ይቺ የድሮዋ ዶልጎኽ ናት ወይ?» የሚል ክርክር በባቡር ወዳዶች ዘንድ ይነሣል። ገበሬ ይህን ክርክር በቀላሉ ይፈታዋል። አንድ ሰው የአባቱን ማረሻ ወርሶ ሞፈሩ ሲሰበር ሞፈር፣ ድግሩ ሲያልቅ ድግር፣ ብረቱ ሲሳሳ ብረት እየቀየረ ያርሳል። ማረሻውን ግን እስከ ዛሬ የአባቴ ነው ይላል፤ ጎረቤቱም አይከራከረውም። ሙዚየም ገብቶ አቧራ የጠጣ ማረሻ ሁሉም አካሉ የጥንቱ ሊሆን ይችላል፤ ግን አያርስም።

የመንገደኛው ቁጥር እያደገ ሄዶ በ1973 ከ180 ሺህ በላይ ጉዞዎች ተመዝግበዋል። ለዚህም ወሬው በየቦታው መሰማቱ ረድቷል። ሮልት የመጀመሪያዎቹን ዓመታት ታሪክ በመጽሐፍ አሳትሟል። ለልጆች የባቡር ተረቶችን በመጻፍ የታወቁት ቄስ ኦድሪም በ1952 መጥተው ከበጎ ፈቃደኞቹ ጋር የሠሩ ሲሆን፣ ዶልጎኽን በሌላ ስም የተረታቸው ገጸ ባሕርይ አድርገዋታል። በ1976 ደግሞ ቀድሞ ድንጋይ ብቻ ይጫንበት የነበረው የመጨረሻው ክፍል ለመንገደኞች ተከፍቶ መሥመሩ ናንት ገርኖል እስከተባለው ስፍራ ደረሰ። በ2021 የሰሜን ምዕራብ ዌልስ የጣሪያ ድንጋይ ማውጫ አካባቢዎች በዩኔስኮ የዓለም ቅርስ መዝገብ ሲገቡ፣ ብሪን ኤግልዊስና የታሊሊን ባቡር አብረው ተመዝግበዋል።

ይህ ሁሉ ሲሆን ማኅበሩ ችግሩን ጨርሷል ማለት አይደለም። በደቡብ ዌልስ የነበረው ፎስ ኧ ቭራን የተባለው ትልቅ ገላጣ የድንጋይ ከሰል ማውጫ በ2023 ስለ ተዘጋ፣ በብሪታንያ የሚገኙ የእንፋሎት ባቡሮች ከሰል ከባሕር ማዶ ማስመጣት ግድ ሆኖባቸዋል። ከሰል በተራሮቿ ሆድ የሞላባት ዌልስ ለባቡሯ ከሰል በመርከብ ስትጠብቅ ማየት የሚያስገርም ነው። የሰው ኃይልም ሌላው ጉዳይ ነው። በ1951 ዶማ የያዙት ወጣቶች ዛሬ የሉም ወይም አርጅተዋል። አዲስ የሚገባ አባል ሎኮሞቲቭ በመወልወልና አመድ በመጥረግ ጀምሮ፣ እሳት አንዳጅ ለመሆን፣ ከዚያም ሾፌር ለመባል ዓመታት ይፈጅበታል።

ባቡሩ በሚሄድበት ቀን አንዳጁ ጣቢያው ከመከፈቱ ከጥቂት ሰዓታት በፊት በጠዋት ይገባል። የትናንቱን አመድ ያወጣል፤ የውሃውን ልክ በመስታወቱ ያያል፤ በጨርቅና በእንጨት እሳቱን ይጭራል፤ ከዚያ ከሰሉን በጥቂት በጥቂቱ ይጨምራል። እንፋሎቱ እስኪደርስ ድረስ ዘይት የሚጠጡትን መገጣጠሚያዎች አንድ በአንድ ያጠጣል። መንገደኞች ሲመጡም ወደ ፉርጎዎቹ የሚሳፈሩት በአንድ ወገን ብቻ ነው። ከ1866 ጀምሮ፣ ካፒቴን ታይለር ባዘዙት መሠረት፣ በወዲያኛው ወገን የሚከፈት በር የለም።